በየሳምንቱ አንድ ዳሽቦርድ፦ የዳታ ሥዕል መልመጃ ታሪክ

ሳምንታዊ የዳሽቦርድ መልመጃ ለሁሉም ተሳታፊ አንድ ዓይነት ዳታ በአንድ ቀን ተሰጥቶ፣ እያንዳንዱ በያዘው መሣሪያ ከቁጥሩ ቻርት ወይም ዳሽቦርድ ሠርቶ ለሁሉም የሚያሳይበት የልምምድ ዓይነት ነው። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አርሞ ነጥብ የሚሰጥ ፈታኝም የለውም። ዋናው አስተማሪ ንጽጽሩ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ይዘው የተነሡ መቶ ሰዎች የሠሩት ሥራ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ የትኛው አሠራር ነገሩን እንደገለጠው፣ የትኛው እንደሸፈነው በዓይን ይለያል። ልማዱ የዛሬ መልኩን የያዘው ከ2016 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥሩ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። ሌላው ሰው የሠራውን ቻርት መርምሮ እንደገና መሥራት፣ ከሙያው ጋር አብሮ ያደገ የመማሪያ መንገድ ነውና።

የሙያው አጀማመር

የንግድንና የመንግሥትን ቁጥር በግራፍ በማሳየት ቀዳሚ የሆነው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ነው። በወጣትነቱ በእንፋሎት ሞተር ሥራ በታወቀው በጄምስ ዋት ዘንድ ንድፍ አንሺ ነበር። በ1786 ለንደን ላይ ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ 44 ቻርቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ 43ቱ በዓመታት ውስጥ የሚደረገውን ለውጥ የሚያሳዩ የመስመር ግራፎች ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻ ባር ግራፍ ነው። ይህን አንዱን የወለደው የዳታ እጥረት ነበር። ፕሌይፌር ስለ ስኮትላንድ ገቢና ወጪ ንግድ ማግኘት የቻለው ከ1780 ገና እስከ 1781 ገና ያለውን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ቁጥር መስመር መሳብ ስለማይቻል፣ ስኮትላንድ የምትነግዳቸውን 17 አገሮችና ግዛቶች አንዱን ከሌላው በታች ደርድሮ፣ የንግዱን መጠን በአግዳሚ ዘንግ ርዝመት አሳየ። ዛሬ በየቢሮው ዳሽቦርድ ላይ የማይጠፋው ባር ግራፍ የመጣው በእጅ ያለውን ዳታ አይቶ ለእሱ የሚስማማ ቅርጽ ከመፈለግ ነው። ፓይ ቻርትንም በ1801 ያስተዋወቀው እሱው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሙያው በመሐንዲሶች፣ በሐኪሞችና በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች እጅ አደገ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው የእንግሊዝ ወታደር እንደሚበልጥ በ1858 በክብ ሥዕል አሳየች። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ዦሴፍ ሚናር ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሩሲያ ይዞት የዘመተው ጦር እንዴት እየሳሳ እንደሄደ በ1869 በአንድ ካርታ ላይ ሣለ። እንዲህ ያሉ ሥራዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ባለሙያ እጅና በረጅም ጊዜ ድካም የተሠሩ ናቸው። ጀማሪው የጋራ መልመጃ አልነበረውም፤ ሙያውን የሚያገኘው ከአለቃው ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ወይም ያለቀለትን ሥራ በመጽሐፍ አይቶ ነበር።

በቡድን የተሠራ ትልቅ ሥራ የታየው በ1900 በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ከተማሪዎቹና ከቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ወደ 60 የሚጠጉ ቻርቶችን በቀለምና በብሩሽ ሠርቶ አቀረበ። ርእሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡ አንድ ትውልድ ያህል የሆናቸው ጥቁር አሜሪካውያን ያፈሩት መሬት፣ ትምህርታቸው፣ ሥራቸውና አሰፋፈራቸው ነበር። በተለይ የጆርጂያ ግዛት ሕዝብ የተጠናበት ክፍል የዘር ጭቆናን በተቆጠረና በተለካ ማስረጃ የሚሞግት ነው። ዱ ቦይስ ለዚህ ሥራው የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሥዕሎቹ ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ለሳምንታዊው መልመጃ መነሻ ሆነው ተመልሰዋል።

የሰውን ቻርት እንደገና ሠርቶ ማስተማር በመጽሐፍ ገጽ ላይ ጎልቶ የታየው በ1914 ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊላርድ ብሪንተን በዚያ ዓመት ስለ ግራፍ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ በጋዜጣና በሪፖርት የወጡ የተበላሹ ሥዕሎችን እየነቀሰ፣ ጉድለታቸውን እየነገረ፣ የተሻለውን አሠራር ያሳይ ነበር። ለምሳሌ የሁለት ቁጥሮችን ልዩነት በአንድ ትልቅና በአንድ ትንሽ የሰው ሥዕል ማሳየት አንባቢውን ያሳስታል ይላል። ሥዕሉ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱም አብሮ ስለሚያድግ፣ ሁለት እጥፍ የሆነው ቁጥር ለዓይን አራት እጥፍ መስሎ ይታያልና። በ1983 ኤድዋርድ ተፍቲ በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው መጽሐፍም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ የታተሙ ግራፎችን ወስዶ ከዳታው ጋር ግንኙነት የሌለውን ቀለምና ጌጥ እየቀነሰ እንደገና ሠራቸው። በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል ሰው ቁጥርን ከሥዕል ሲያነብ የሚሠራውን ስህተት በሙከራ ለኩ። ዓይን ከሁሉ አብልጦ በትክክል የሚያነጻጽረው በአንድ የጋራ መለኪያ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ነው፤ ርዝመት ይከተላል፤ ማዕዘንና ስፋት ደግሞ ይበልጥ ያሳስታሉ። ዛሬ በየሳምንቱ መልመጃ «ፓይ ቻርቱን በባር ቀይረው» የሚለው ምክር የሚደጋገመው በዚህ ግኝት ምክንያት ነው።

መሣሪያው ለሁሉም ሲደርስ

መልመጃ እንዲስፋፋ መሣሪያው ርካሽና ፈጣን መሆን ነበረበት። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረው አር የተሰኘ ነፃ የስታቲስቲክስ ቋንቋ የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን በ2000 አወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሊላንድ ዊልኪንሰን ማንኛውም ግራፍ ከጥቂት የጋራ ክፍሎች እንደሚገነባ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ኒውዚላንዳዊው ሄድሊ ዊከም ይህን ሐሳብ ወደ አር አምጥቶ ጂጂፕሎት ቱ የተባለውን ጥቅል ሠራ። ጂጂፕሎት ቱ ተጠቃሚው ከተዘጋጀ የቻርት ዝርዝር እንዲመርጥ አይጠብቅም፤ የትኛው ዓምድ በቁመት፣ የትኛው በአግድም፣ የትኛው በቀለም እንደሚታይ ራሱ እንዲወስን ያደርገዋል።

ኮድ ለማይጽፉት ደግሞ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የተነሣው ታብሎ መጣ። ክሪስ ስቶልቲ፣ ፓት ሃንራሃንና ክርስቲያን ቻቦት በ2003 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት ዓምዶችን በማውዝ እየጎተቱ ቻርት መሥራትን አስለመደ። በ2010 ያወጣው ታብሎ ፐብሊክ የተባለው ነፃ እትም ለልምምዱ ታሪክ የበለጠ ይመዝናል። ተጠቃሚው ገንዘብ ባይከፍልም ሥራውን ለሁሉም በሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ሠሪው ካልከለከለ በቀር ሌላው ሰው ፋይሉን አውርዶ፣ ፈታትቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደተሠራ ማየት ይችል ነበር። የባለሙያን እጅ ለማየት የአለቃ ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ የግድ መሆኑ በዚህ ቀረ።

ዳሽቦርድ የሚለው ስም በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው በዚሁ ዘመን ነው። ስቲቨን ፊው በ2006 ስለ ዳሽቦርድ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ሥራ አስኪያጅ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር በአንድ ስክሪን ተሰብስቦ በአንድ እይታ መነበብ አለበት ብሎ ወሰነ። በጊዜው ገበያውን ሞልተው የነበሩትን የመኪና ጌጅ አስመሳዮች፣ ባለጥላና ባለሦስት ገጽታ ቻርቶች አጥብቆ ነቀፈ። መርሁ በመጽሐፍ ተጽፎ፣ መሣሪያው በነፃ ተገኝቶ እንኳ ግን አንድ ነገር ይጎድል ነበር። በመሥሪያ ቤት ያለ ባለሙያ ያንኑ ወርሃዊ ሪፖርት በዚያው ቅርጽ ደጋግሞ ያወጣል። አዲስ ዓይነት ዳታ፣ አዲስ ዓይነት ጥያቄ፣ ሥራውንም በቅንነት የሚተችለት ሰው አያገኝም።

እዚህ ላይ በ1993 በአንደርስ ኤሪክሰን መሪነት የወጣው ጥናት ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎችን አጥንተው፣ የእጅ ጥበብ የሚያድገው ሥራን በመደጋገም ብቻ ሳይሆን ለማሻሻል ታስቦ በተዘጋጀ ልምምድ መሆኑን አስረዱ። ልምምዱ ግልጽ ዓላማ፣ ፈጣን ግብረ መልስና እርማት ይፈልጋል። ሳምንታዊ መልመጃዎች የሞሉት ይህን ክፍተት ነው።

የ52 ሳምንታት ፖስታ ካርድ

በየሳምንቱ ዳታን በሥዕል ማሳየትን እንደ ቋሚ ሥርዓት ካስለመዱት ውስጥ ቀድመው የሚነሡት ኒውዮርክ የምትኖረው ጣሊያናዊቷ ጆርጂያ ሉፒና ለንደን የምትኖረው አሜሪካዊቷ ስቴፋኒ ፖሳቬክ ናቸው። በሴፕቴምበር 2014 ጀምረው ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ አንድ ርእስ ይመርጡ ነበር። እያንዳንዳቸው በዚያ ርእስ ዙሪያ የራሳቸውን ኑሮ ይመዘግባሉ፤ የተመዘገበውን በፖስታ ካርድ ላይ በእጃቸው ይሥላሉ፤ ጀርባው ላይ አነባበቡን ጽፈው በፖስታ ይልካሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ርእስ ሰዓትን ስንት ጊዜና ለምን እንደተመለከቱ ነበር። በ52 ሳምንታት 104 ካርዶች ተጻጻፉ። ሥራው በ2016 በመጽሐፍ ወጣ፤ ካርዶቹም በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገቡ። ኮምፒውተር ያልነካው ይህ ልምምድ ያሳየው ትልቅ ነገር አለ። ጊዜው የተቆረጠ፣ ርእሱ የጋራ፣ ተቀባዩ የታወቀ ከሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ በየሳምንቱም አዲስ ቅርጽ ለመፍጠር ይገደዳል።

የሰኞው እድሳት

ልምምዱን ወደ ብዙ ሰው ያወጣው ሜክኦቨር መንደይ ነው። ለንደን ውስጥ የዳታ ተንታኞችን ያሠለጥን የነበረው አንዲ ክሪብል ከዚያ በፊት ለዓመታት ደካማ ቻርቶችን ለብቻው እያደሰ ያሳይ ነበር። በ2016 ከታብሎው ባልደረባ ከአንዲ ኮትግሪቭ ጋር ተስማምተው፣ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ቻርት ለማደስ ተነሡ፤ ዳታውንም ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት አደረጉት። ቀድሞ የአንድ ሰው ልማድ የነበረው ነገር በዚህ የጋራ ሆነ። በ2017 የኮትግሪቭን ቦታ ኢቫ መሪ ተረከበች፤ ክሪብልና መሪ በልምምዱ የተገኘውን ትምህርት ሰብስበው በ2018 መጽሐፍ አሳተሙ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጋዜጣ፣ በሪፖርት ወይም በድርጅት ሰነድ ላይ የወጣ አንድ ቻርት ይመረጣል፤ ከበስተኋላው ያለው ዳታ ተስተካክሎ ይቀርባል። ተሳታፊው ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ በዚህ ቻርት ጥሩው ነገር ምንድን ነው? ያልተሳካው ምንድን ነው? እንዴት ይሻሻላል? ከዚያ የራሱን ይሠራል፤ ምስሉን በጋራ ሃሽታግ ለሁሉም ያሳያል። አዘጋጆቹ በአንድ ሳምንት ሥራ ላይ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ እንዲወስዱ ይመክሩ ነበር። የሰዓቱ ገደብ ጀማሪውን ከፍጹምነት ፍለጋ ያድነዋል፤ ዋናውን መልእክት መርጦ ሌላውን መተውንም ያስተምረዋል።

ጥያቄዎቹ በመልካሙ ጎን መጀመራቸው በዘልማድ የመጣ አይደለም። የሰውን ሥራ ማደስ በቀላሉ ወደ ማዋረድ ሊያመራ ይችላል። የመጀመሪያው ሠሪ ጊዜ አጥሮት፣ የጋዜጣው ገጽ ጠቦት ወይም አለቃው አዝዞት ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ቻርቱን እንጂ ሠሪውን እንዳይነካ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ከ2017 ጀምሮ ክሪብልና መሪ በየሳምንቱ በቀጥታ ስርጭት የተሳታፊዎችን ሥራ እያዩ አስተያየት መስጠታቸው ደግሞ የጎደለውን ቁልፍ ነገር ጨመረ። ርእሱ ረዝሟል፤ ቀለሙ በዝቷል፤ ዋናው ቁጥር ጥግ ላይ ተደብቋል የሚሉ አጫጭር እርማቶች በሁሉም ፊት ሲነገሩ ባለቤቱም ሰሚውም ይማራሉ።

ረቡዕ፣ ማክሰኞና ሌሎቹ

በ2017 መጀመሪያ ክሪብልና ኤማ ዋይት ወርክአውት ዌንስደይን ጀመሩ። ይህ ከሰኞው በተቃራኒው ነው። የሰኞው ፈጠራን ይፈልጋል፤ የረቡዑ ግን ያለቀለት ዳሽቦርድ አሳይቶ «ይህንኑ ሠርተህ አምጣ» ይላል። የስክሪኑ ልክ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ማውዙ ሲያርፍበት የሚወጣው ጽሑፍ፣ ማጣሪያው የሚሠራበት መንገድ ሁሉ ተዘርዝሮ ይሰጣል። ተማሪው ያንን ለማስመሰል ሲታገል ስሌቱን ይማራል። ከጊዜ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ሌሎች ፈቃደኞች ተሸጋገረ፤ ለማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይ የሚሆን መልመጃም ታከለበት።

በአር ቋንቋ በኩል ቲዲ ቱስደይ በኤፕሪል 2 ቀን 2018 ተጀመረ። መነሻው ጄሲ ሞስቲፓክ በ2017 የመሠረተችው የአር ተማሪዎች ማኅበር ሲሆን፣ መልመጃውን ያቋቋመው ቶማስ ሞክ ነው። የመጀመሪያው ዳታ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ክፍያ ነበር። እዚህ ተሳታፊዎች ከሥዕሉ ጋር ኮዱንም ያሳያሉ። ሥዕሉን የወደደ ሰው እያንዳንዱን መስመር አንብቦ በራሱ ኮምፒውተር ሊደግመው ይችላል። በዚያው ዓመት ዴቪድ ሮቢንሰን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን የሳምንቱን ዳታ ከፍቶ፣ እያሰበና እየተሳሳተ፣ ስህተቱንም እያረመ ሲሠራ በቪዲዮ መቅዳት ጀመረ። ለጀማሪ ይህ ካለቀለት ሥራ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ባለሙያም እንደሚደናገርና ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ ያያልና።

ሌሎች መልመጃዎችም ተከተሉ። ኮል ናስባውመር ናፍሊክ በጃንዋሪ 2018 በዳታ ታሪክ መናገርን የሚያለማምድ ወርሃዊ ፈተና ጀመረች። በ2019 ካርል ኦልቺንና ጆናታን አለንቢ ከሥዕሉ በፊት ያለውን ሥራ፣ የተዘበራረቀ ዳታ ማጽዳትን፣ የሚያለማምድ ሳምንታዊ መልመጃ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፊንላንዳዊው ቶፒ ትዩካኖቭ በ30 ቀን 30 ካርታ የሚሠራበትን ፈተና አመጣ፤ በ2021 ኤፕሪል ደግሞ ሴድሪክ ሼረርና ዶሚኒክ ሮዬ ለቻርት ተመሳሳዩን አደረጉ። እንዲህ እያለ ሙያው በየክፍሉ ተከፋፍሎ፣ ማጽዳቱ፣ ስሌቱ፣ ንድፉና ትረካው ለየብቻ የሚለመዱበት ቦታ አገኙ።

አንድ ሳምንት በቅርበት፦ የቡናው ዳታ

የእነዚህ መልመጃዎች ጥቅምና ፈተና በአንድ ሳምንት ዳታ ላይ በግልጽ ይታያል። በጁላይ 7 ቀን 2020 ቲዲ ቱስደይ ያቀረበው ከቡና ጥራት ኢንስቲትዩት የተሰበሰበ የቅምሻ ውጤት ነበር። ሰንጠረዡ 1,339 ረድፍና 43 ዓምድ አለው። ከረድፎቹ 1,311 አረቢካ፣ 28 ሮቡስታ ናቸው። ቀማሾች ለመዓዛ፣ ለጣዕም፣ ለአሲድነት፣ ለሚዛናዊነትና ለመሳሰሉት የሰጡት ነጥብ ተደምሮ ከ100 ይታሰባል። ከሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ፣ 90.58፣ ያገኘው ከኢትዮጵያ፣ ከጉጂ ሐምበላ የተላከ ቡና ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያስበው የእያንዳንዱን አገር አማካይ ነጥብ በባር ግራፍ መደርደር ነው። ወዲያው ሦስት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ነጥቦች ከ80 እስከ 85 ባለው ጠባብ ቦታ ስለታጨቁ፣ ከዜሮ የሚነሡ ዘንጎች ሁሉም እኩል ይመስላሉ። ዘንጉን ከ75 ማስጀመር ደግሞ ጥቂቱን ልዩነት እጥፍ ድርብ አድርጎ ያሳያል። መፍትሔው ባሩን ትቶ ነጥብ መጠቀም ነው፤ ነጥብ የሚነበበው በቦታው እንጂ በርዝመቱ አይደለምና መለኪያው ከዜሮ ባይጀምር አያሳስትም። ሁለተኛ፣ ከሜክሲኮ 236፣ ከኢትዮጵያ 44 ናሙና ሲኖር፣ በአንድ ናሙና ብቻ የተወከሉ አገሮችም አሉ። የአንዷን ናሙና ነጥብ የአገር አማካይ አድርጎ ከ236ቱ አጠገብ ማቆም ሁለት የማይመዛዘኑ ነገሮችን ማመዛዘን ነው። ሦስተኛ፣ ከሆንዱራስ የመጣ አንድ ረድፍ ድምሩ ዜሮ ነው። ይህ የቡናው ጥፋት ሳይሆን የመዝገቡ ነው፤ ሳይመረመር ከገባ ግን የአገሩን አማካይ ይጎትታል።

ከፍታን ከጥራት ጋር ለማነጻጸር የሞከረ ደግሞ ይበልጥ ይደነግጣል። አንድ የጓቲማላ እርሻ በ190,164 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተመዝግቧል። ይህ ከኤቨረስት ተራራ ጫፍ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። 1,901.64 ተብሎ ሊጻፍ የነበረ ቁጥር ነጥቡ ጠፍቶበት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ይህ አንድ ረድፍ ካልወጣ፣ በሥዕሉ ላይ ሌሎቹ ቡናዎች በሙሉ ግራ ጥግ ላይ ተጨምቀው አንድ ቀጭን መስመር ይሆናሉ። ከፍታው በአንዳንዱ ረድፍ በሜትር፣ በሌላው በጫማ መመዝገቡም አለ። በመጨረሻም ዳታው ለምዘና ከተላኩ ቡናዎች የተገኘ እንጂ ከየአገሩ ምርት በዕጣ የተወሰደ አይደለም። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ቡና ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ ርእስ መስጠት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ ቢያሰኝም፣ ዳታው የሚፈቅደው «ለምዘና ከቀረቡት ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው» ማለትን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ሳምንት በጥንቃቄ የሠራ ሰው ስለ መለኪያ መስመር፣ ስለ ናሙና፣ ስለ ዳታ ማጽዳትና ስለ ርእስ አጻጻፍ ከአንድ የመማሪያ ምዕራፍ የማያንስ ይማራል።

የሥዕሉ ማማርና የቁጥሩ እውነት

መልመጃው በሰፋ ቁጥር አንድ አደጋ ታየ። ዳታው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ተሳታፊው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ወደ ቀለሙ ሊሮጥ ይችላል። በ2017 የመጀመሪያ ሳምንት ሜክኦቨር መንደይ ያቀረበው የአውስትራሊያ ወንዶችና ሴቶች በየሙያቸው ያላቸውን ገቢ የሚያነጻጽር ነበር። ቁጥሩ ከግብር መዝገብ የተገኘ አማካይ ስለሆነ ሰዎቹ ሙሉ ቀን ወይም ግማሽ ቀን መሥራታቸውን አይለይም። ይሁንና ብዙ ሥራዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ የተከፈለ የተለያየ ደመወዝ እንደሆነ አድርገው አቀረቡት። በወንድና በሴት ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት በእርግጥ ያለ ጉዳይ ነው፤ ያ ሰንጠረዥ ግን መጠኑን ለመለካት ብቻውን አይበቃም። ከዚያ የተነሣው ክርክር ለልምምዱ ጠቃሚ ሆነ። ዳታውን ከመሣል በፊት መረዳት፣ ዓምዶቹ ምን እንደሚለኩ መጠየቅ፣ ዳታው የማይደግፈውን ድምዳሜ መተው የመልመጃው ቀዳሚ ትምህርት ሆነው ተቆጠሩ።

ነገሩ ከልምምድ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሆነው በ2020 ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ የበሽታው ቁጥር በየቀኑ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ዳሽቦርድ መሥራት የሚችል ሁሉ ሊሥለው ይችል ነበር። በማርች 2020 የሕዝብ ጤና ዳታ ባለሙያዋ አማንዳ ማኩሌክ ሌላ ተጨማሪ የኮቪድ ቻርት ከመሥራት በፊት ሊታሰቡ የሚገቡ አሥር ነጥቦችን ጻፈች። ምርመራ ባነሰበት ቦታ የታማሚ ቁጥርም አንሶ ይታያል፤ የሞት ምጣኔ የሚሰላው ተመርምሮ በታወቀው ሰው ቁጥር ነው፤ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው የሚሥለው ቻርት ፍርሃት ወይም መዘናጋት ሊያመጣ ይችላል የሚሉ ጉዳዮች በዚያ ይነሣሉ። በሳምንታዊ መልመጃ የሰለጠነ እጅ የሚፈለገው ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ያ ጊዜ በግልጽ አሳየ። አንዳንድ ጊዜ ተገቢው ሥራ ቻርቱን አለመሥራት ነው።

የዱ ቦይስ መመለስና የአማርኛ ቦታ

በፌብሩዋሪ 2021 አንቶኒ ስታርክስ፣ አለን ሂለሪና ሴኩ ታይለር የዱ ቦይስን የ1900 ሥራዎች በዘመኑ መሣሪያ ደግሞ የመሥራት ፈተና አዘጋጁ፤ ቲዲ ቱስደይም የአንድ ሳምንት ርእሱ አደረገው። ከሥዕሎቹ አንዱ በ1890 የጆርጂያ ጥቁር ሕዝብ በከተማና በገጠር ያለውን አሰፋፈር ያሳያል። ከ10,000 ሰው በላይ በሚኖርባቸው ከተሞች 78,139፣ ከ5,000 እስከ 10,000 ባሉት 8,025፣ ከ2,500 እስከ 5,000 ባሉት 37,699፣ በገጠርና በመንደር ደግሞ 734,952 ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ የከተማ ቁጥሮች በተያያዙ አጫጭር መስመሮች ይታያሉ፤ የገጠሩ ግን ገጹ ስለማይበቃው በቀይ ቀለም እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠቅልሎ ይዞራል። ጠቅላላው 858,815 ሲሆን ከመቶ 86 የሚጠጋው ገጠር ነው።

ሥዕሉን በኮድ የሚደግም ሰው የመጠምጠሚያውን ርዝመት ከቁጥሩ ጋር ለማዛመድ ብዙ ይደክማል። ተመልካቹ የተጠቀለለውን ርዝመት በትክክል ማንበብ እንደሚቸግረውም ይረዳል። ዱ ቦይስ ቁጥሮቹን በጽሑፍ ማስቀመጡ ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ መጠምጠሙ ራሱ ደግሞ የገጠሩን ብዛት ማንም በማይረሳው መንገድ ያስረዳል። በክሊቭላንድና በማጊል መለኪያ ደካማ የሚባል ቅርጽ ለአንድ ዓላማ ከሁሉ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ከመጽሐፍ ይልቅ በእጅ መድገም ያስተምራል።

በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 የቲዲ ቱስደይ ዳታ አማርኛን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ከ110,000 በላይ የትዊተር መልእክቶች ነበር። ትግርኛና አፋን ኦሮሞም በውስጡ አሉ። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች እያንዳንዱን መልእክት በጎ፣ ክፉ ወይም ገለልተኛ ስሜት ያለው ብለው ለይተውታል። ቁጥሩን መደርደር ለማንም ይቻላል፤ መልእክቱን አንብቦ ምደባው ልክ መሆኑን መመርመር ግን ለቋንቋው ባለቤት የተተወ ነው። በግዕዝ ፊደል ቻርት የሚሠራ ሰው ሌሎች መልመጃዎችም ይጠብቁታል። ፊደሉን የያዘ ፎንት ካልተመረጠ በጽሑፉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ። የመሣሪያዎቹ የቀን ስሌት ለ12 ወር የተዘጋጀ በመሆኑ ጳጉሜንን የያዘ የወር ዳታ በቀጥታ አይቀበሉም፤ ቀኑን ቀድሞ መለወጥ ወይም ወሩን እንደ ተራ ቅደም ተከተል መያዝ ያስፈልጋል።

ልምምዱ ዛሬ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሳታፊዎች የሚገናኙት በአመዛኙ በትዊተር ነበር። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ትዊተር ባለቤቱ ሲቀየር ብዙዎች ወደ ሊንክድኢን፣ ማስቶዶንና ብሉስካይ ተበተኑ። አዘጋጆቹም በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ በመሆናቸው ድካሙ ሲበዛ ለሌላው ያስረክባሉ። ቲዲ ቱስደይ መጀመሪያ ለአር ብቻ የነበረ ቢሆንም በፓይተን የሚሠሩም ገብተውበታል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ኮዱን በደቂቃ መጻፍ ሲጀምሩ፣ የልምምዱ ክብደት ከአሠራሩ ይልቅ ወደ ፍርዱ እያዘነበለ መጥቷል፤ የትኛው ጥያቄ ይጠየቅ፣ የትኛው ረድፍ ይጣራ፣ ርእሱ ምን ያህል ይናገር የሚለውን መሣሪያው አይወስንም።

ከአሥር ዓመት ገደማ የተከማቸው ትርፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ነው፤ ሥራ ፈላጊዎች በየሳምንቱ የሠሩትን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ መምህራን መልመጃዎቹን በክፍል ይጠቀማሉ፤ መሥሪያ ቤቶችም በዚህ አርአያ ለሠራተኞቻቸው የራሳቸውን ያዘጋጃሉ። ሁለተኛው መዝገቡ ነው፤ ያለፉት ሳምንታት ዳታዎች ከነማብራሪያቸው ተቀምጠው ለማንም በነፃ ይገኛሉ። አዲስ ጀማሪ የ2018ን ዳታ ዛሬ ከፍቶ መሥራትና ከዚያ በፊት ከሠሩት ብዙዎች ጋር ሥራውን ማነጻጸር ይችላል። ፕሌይፌር፣ ብሪንተንና ዱ ቦይስ ያሳዩት ጥበብ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ላለው ሁሉ የሚደርስ የሳምንት ሥራ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።